ከጎንደር ሳንቃበር በብስክሌት፦ አስታው ውስጥ ለመግባት

ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ የመጣ የጎንደር ሰው ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው ያወራል። ስለ ገደሉም ያወራል። ዋልያ ካየማ በቃ፣ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ የለም። ስለ አስታው ጫካ፣ ቅጠሉ መርፌ ስለሚመስለው የደጋ ዛፍ፣ ያወራኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም። አብዛኛው ሰው የሚያልፈው በመኪና ነው፤ አቧራው እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሁሉም "ሳንቃበር መቼ ነው የምንደርሰው" እያለ። አስታው ደግሞ ቀስ ብሎ ለሚያልፍ ሰው ነው የሚታየው፣ በእግር ወይም በብስክሌት። እኔ በብስክሌት ነው የምለው። ከገዛ ደጃችሁ ተነስታችሁ፣ ከባሕር ዛፉ ወደ ወይራውና ጥዱ፣ ከጥዱ ወደ አስታው፣ ከአስታው ወደ ጓሳው ሣርና ወደ ጅብራው ተክል አገሩ ደረጃ በደረጃ ሲለወጥ በራሳችሁ ጉልበት እየወጣችሁ ታዩታላችሁ።

ጉዞው በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ደባርቅ ይታደራል። ከዚያ የፓርኩ ካምፕ ወዳለበት ወደ ሳንቃበር ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። ሳንቃበር አድሮ መመለስ ይቻላል፤ አቅምና ጊዜ ያለው ከፍ ወዳለው ወደ ጨነቅ ካምፕ ይቀጥላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አራት ቀን እመክራለሁ። ሦስት ቀን ይበቃል የሚሏችሁ ሰዎች ሰውነታቸው ከፍታውን ቀድሞ የለመደ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱን ጠይቁ። በክልላችን ዛሬ ክፍት የነበረ መንገድ ነገ የሚዘጋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሂዱና ከደባርቅ የገቡ ሾፌሮችን አነጋግሩ። አንድ ሰው ጠይቃችሁ አትመለሱ፣ ሁለት ሦስት ይሁኑ። መልሳቸው ከተለያየ ሌላ ጊዜ ሂዱ። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ችግር ሲያይ ዞሮ ይመለሳል። እናንተ ግን ዳገት መሀል ላይ ናችሁ፣ ቅርቡ ከተማ ደግሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል።

መቼ ይሻላል?

ጥቅምት። ሌላ ወር ምረጥ ብትሉኝ እንኳ ጥቅምት ነው የምላችሁ። መስከረም ላይ አደይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ቢጫ ያደርገዋል፣ በጣም ያምራል፣ ግን ከደባርቅ ወዲያ ያለው ጠጠር ገና ጭቃ ይዟል። ጥቅምት ላይ ጭቃው ይደርቃል፣ አረንጓዴው አይጠፋም፣ ፏፏቴው ውኃ አለው፣ ገብሱም ቢጫ ማለት ይጀምራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ሳንቃበር ጠዋት ስትነሱ ሣሩ ነጭ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር አልጋ አይገኝም፣ መንገዱም በመኪና ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ወይ ጥምቀትን አክብሩ ወይ ብስክሌት ንዱ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትሞክሩ። ከየካቲት በኋላ አቧራ ነው፣ የእሳት ጊዜም ነው፣ ስለ እሳቱ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ክረምቱን ጨርሶ ተዉት። ጉሙ ሲወርድ ከፊታችሁ አምስት ሜትር አታዩም፣ መንገዱ ደግሞ በብዙ ቦታ አፋፍ አፋፉን ነው የሚሄደው።

ብስክሌቱ

ውድ መሆን የለበትም። ማርሽ ይኑረው፣ ጎማው ወፍራም ይሁን፣ ፍሬኑ ይያዝ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ለከተማ ጥሩ ነው፣ ወደ ስሜን ግን ግማሹን መንገድ እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት። ጎማው ጥርስ ያለው የማውንቴን ጎማ ይሁን። ቀጭን ጎማ አስፋልቱ ላይ ይፈጥናል፣ ጠጠሩ ላይ ግን ያንሸራትታል፣ እጃችሁንም እስኪደነዝዝ ያንቀጠቅጠዋል።

ፍሬኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመሄዴ በፊት ብስክሌቴን ለአንድ ጠጋኝ ሰጠሁ፣ የፍሬኑን ጎማ ቀይርልኝ ብዬ። ቀየርኩት አለኝ፣ ከፈልኩ፣ አላየሁትም። የገጠመልኝ ያለቀ ጎማ ነበር። ሲወጡ ፍሬን ማን ይይዛል፣ ስለዚህ አላወቅሁም። ስመለስ ከኮሶዬ ወደ ወለቃ ቁልቁለቱን ስወርድ ነው ያወቅሁት። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጨብጬው ብስክሌቱ ይፈጥናል። ዳር ካለው የታረሰ መሬት ውስጥ ገብቼ ነው የቆምኩት፣ ማሳው ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ የፍሬን ጎማ ራሴ ሳላይ፣ በጣቴ ሳልነካ፣ አንድ ቁልቁለት ሳልሞክር ከጎንደር አልወጣም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ለመሞከር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ከተማችን ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት።

የምትይዙት መለዋወጫ ብዙ አይደለም፦ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ ለብስክሌታችሁ ብሎኖች የሚሆን መፍቻ፣ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ አንድ ክንድ ሽቦ። ሽቦው ለምንድን ነው ብትሉ፣ የተሰበረ ነገር ሁሉ ከተማ እስኪደረስ የሚታሰረው በሱ ነው። ዳባትና ደባርቅ ጎማ የሚለጥፍ አይጠፋም፣ ከደባርቅ ወዲያ ግን ሁሉም ነገር በእጃችሁ ነው። ገበሬው አጥሩን በቀጋ ነው የሚያጥረው፣ የቀጋ እሾህ ደግሞ ጎማ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ስትለጥፉ የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። እሾሁን ሳታወጡ ብትለጥፉ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እዚያው ናችሁ።

ስንቅ ላይ ክርክር የለኝም፣ በሶ ነው። ቆርቆሮ ምግብና የታሸገ ብስኩት የሚሸከሙ ሰዎች አያለሁ፣ ያባቶቻችን ስንቅ ግን ለዚህ መንገድ የተሠራ ይመስለኛል። ጠርሙስ ውስጥ በሶ፣ ውኃ፣ ማር፣ ቁንጥጫ ጨው፣ ከዚያ መነቅነቅ ነው። ዳገት መሀል ቆማችሁ ትጠጡታላችሁ፣ ሆድ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል። ኪስ ውስጥ ዳቦ ቆሎ። በየከተማው ሽሮ ታገኛላችሁ፤ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ ሽሮና ምስር ብቻ ነው የምታገኙት፣ እሱም ለነጂ ጥሩ ምግብ ነው። ውኃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ያዙ። የምንጭ ውኃ ሳይፈላ አትጠጡ፣ ከላይ ከብት ይውልበታል።

አስፋልቱ፦ ከጎንደር ደባርቅ

ከፒያሳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ጠዋት ነፋስ የለም፣ አይሱዙዎቹም ገና አልበዙም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ 2,850 አካባቢ። ልዩነቱ 750 ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ ማታ ላይ ድምሩ ጉልበታችሁ ውስጥ ነው ያለው።

ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወለቃ አለች፣ ድሮ ቤተ እስራኤሎች የሚኖሩባት፣ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው መንደር። እዚያ አትቁሙ፣ ገና ምንም አልሄዳችሁም። ከወለቃ ወዲያ ትልቁ ዳገት ይጀምራል፣ እስከ ኮሶዬ ድረስ። የቀኑ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። ቀላሉን ማርሽ አስገቡ፣ ቂጣችሁን መቀመጫው ላይ አድርጉ፣ በአፍንጫችሁ መተንፈስ እስክትችሉ ድረስ ቀንሱ። አፋችሁን ከፍታችሁ የምትተነፍሱ ከሆነ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ኮሶዬ ስትደርሱ ውረዱና ወደ አፋፉ ሂዱ። ከታች ያለውን ቆላ፣ እየተደራረበ የሚሄደውን ተራራ፣ እዚያ ቁሙና እዩት። በዚያ አካባቢ የቀሩት ወይራና ጥድ ዛፎች ጎንደርና ዙሪያዋ ድሮ ምን ለብሰው እንደነበር ይነግሯችኋል። አሁን በየቤቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ኋላ የመጣ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁርስ የሚበላው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የወገራ ሜዳ ነው፣ ገብስና ባቄላ፣ ሰፊ ሰማይ። መንገዱ ይለሳልሳል፣ ነፋሱ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ይነሳል። ከሁለት በላይ ከሆናችሁ ተራ በተራ ከፊት እየሆናችሁ ነፋሱን ተከላከሉ። ዳባት ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከደከማችሁ እደሩ። ምንም አያሳፍርም፣ እንዲያውም ለሰውነታችሁ የተሻለ ነው።

መንገድ ላይ ስለሚያጋጥማችሁ ነገር። ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መሀል አቁሙ፣ ድንጋይ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። አህያና በቅሎ ብስክሌት ሲመጣ አይሰሙም፣ ድንገት ደርሳችሁ ብታስደነግጧቸው ጭነቱን ጥለው ይሄዳሉ፣ የሰው ንብረት ነው። ከሩቅ ደወል ምቱ ወይም "እንደምን አደራችሁ" በሉ። ድምፃችሁን ሲሰሙ ባለቤቱም ከብቱም ይዘጋጃል። ልጆች ከኋላ እየሮጡ ብስክሌቱን ይገፋሉ፣ ዳገት ላይ ደስ ይላል፣ አደጋው ግን ሻንጣውን ሲይዙ ነው። ቆማችሁ ሰላም በሏቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሚማሩ ጠይቁ። ሲያወሩ መግፋቱን ይተዉታል። ብርና እስክሪብቶ አትበትኑ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ነው የምትጎዱት፣ ልጆቹንም መኪና መንገድ ላይ ነው የምታስለምዷቸው።

አስፋልቱን መንዳት ካልፈለጋችሁ ብስክሌቱን በሚኒባስ ጫኑት። ዋጋውን ከመጫናችሁ በፊት ከረዳቱ ጋር ጨርሱ። ካቴናና ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ከሥር ጆንያ ይነጠፍ፣ ገመዱን ራሳችሁ እሰሩ። ቸርኬው ላይ ጆንያ እህል ከተጫነበት ይጣመማል፣ የተጣመመ ቸርኬ ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ደባርቅ

ደባርቅ ሁለት ሥራ አላችሁ፣ መተኛትና የፓርኩ ቢሮ። ቢሮው ከተማው ውስጥ ነው። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን በደንብ ያዙት፣ በሩ ላይ ይጠየቃል። ስካውት ይመደብላችኋል፣ መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው። በብስክሌት እንደምትሄዱ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፤ የት የት መንዳት እንደሚፈቀድ ከነሱ ስሙ፣ ብስክሌቱም ከመኪናው መንገድ እንዳይወጣ አድርጉ። የእግር መንገዶቹ ለእግር ናቸው፣ ብዙዎቹም አፋፍ ላይ ናቸው።

የብስክሌት ተጓዥ እዚህ ጋ አንድ ነገር ማሰብ አለበት፦ ስካውቱ እንዴት ነው የሚሄደው? እናንተ ትነዳላችሁ፣ እሱ በእግሩ ነው። ቡድን ከሆናችሁ ገንዘብ አዋጡና ዕቃችሁን የሚይዝ መኪና ተከራዩ፣ ስካውቱም በሱ ይሂድ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን በሱ እርምጃ ሂዱ። የስሜን ሰው ዳገት አወጣጡ ሌላ ነው፣ በቀላል ማርሽ ከሚነዳ ሰው እኩል ይሄዳል። የኔ ምርጥ ጉዞ እንዲያ የሄድኩት ነው። አብሮኝ የነበረው ስካውት በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበር፣ "አያ" እያልኩ ነበር የምጠራው፣ ድኩላ አስታው ውስጥ ቆሞ ሲያየን እኔ ሳላይ እሱ ነበር ክንዴን የሚይዘኝ። ምሳችሁን አካፍሉት። ለሌሊቱ ምን እንደሚለብስ ጠይቁት።

ዳቦ፣ ሻማ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሁሉንም ከደባርቅ ግዙ። ሳንቃበር ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ጥሬ ብርም ያዙ።

አንድ ነገር፦ ከደባርቅ አስፋልቱ ወደ ሰሜን ይቀጥልና ሊማሊሞን ይወርዳል፣ ጣሊያን የቆረጠው ዝነኛው ጠመዝማዛ መንገድ። ቁልቁለቱ ያጓጓል። ግን የወረዳችሁትን ሁሉ ትወጡታላችሁ፣ ከዚያ ለስሜን ጉልበት አይተርፍም። ወደ ፓርኩ የሚወስደው ጠጠር ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው ነው።

አስታው

ከደባርቅ ስትወጡ መጀመሪያ እርሻ ነው። ገብስ፣ ከብት፣ የተሸረሸረ መሬት። ዛፍ ብዙም የለም። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንዲህ ትሄዳላችሁ፣ ፀሐዩ ይበረታል፣ አቧራው ጥርስ ላይ ይሰማል። ከዚያ 3,000 ሜትሩን ስታልፉ፣ ወደ ቡይት ራስ ስትጠጉ፣ ጎኑ ሁሉ ይጠቁራል። አስታ ነው። መጀመሪያ ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ትከሻ የሚደርስ፣ ሸለቆው ውስጥ ሲሆን ደግሞ ግንዱ የተጠማዘዘ ዛፍ፣ ከላዩ የሽማግሌ ጺም የመሰለ ሽበት የተንጠለጠለበት። ሽበቱ የሚበቅለው እርጥበት ባለበት ነው፤ ከገደሉ ሥር ጉም እየወጣ ያጠጣዋል። ጠዋት ላይ ብታልፉ ዝናብ ሳይዘንብ ከቅርንጫፉ ውኃ ሲንጠባጠብ ትሰማላችሁ። ከታቹ ያለው መሬት ስፖንጅ ነው። ያ ውኃ ነው ቀስ እያለ ወርዶ ምንጭ የሚሆነው፣ ወንዝ የሚሆነው።

የአስታ ዘመዶች አውሮፓም አሉ፣ እዚያ ግን አብዛኞቹ መሬት ላይ የሚነጠፉ አጭር ቁጥቋጦዎች ናቸው። ሆላንድ ውስጥ ሆኸ ፌሉወ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ እንዲህ ያለ ቁጥቋጦ የለበሰ ሜዳና ጫካ ነው፣ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለው፣ ለጎብኚም ነጭ ብስክሌት በነፃ ይሰጣል። ይህን ሳስብ እቀናለሁ። የኛው አስታ ዛፍ ሆኖ፣ ከታቹ ገደል፣ ከላዩ ጭላዳ ኖሮት፣ በብስክሌት የሚያየው ሰው ከጎንደር እንኳ አይመጣም። ደባርቅ ላይ ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው አሥር ደህና ብስክሌት ቢያከራዩ እንዴት ያለ ነገር ነበር!

አነዳዱ እንዲህ ነው። ጠጠሩ ላይ ከመግባታችሁ በፊት ከጎማችሁ ትንሽ ነፋስ አውጡ፣ በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ እጥፍ እስኪል ድረስ። ጠንካራ ጎማ ድንጋይ ላይ ይዘላል፣ ለስለስ ያለው ይይዛል። ዓይናችሁ ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን አሥር ሜትር ወደ ፊት ይሁን። መኪና የቆፈረው ሁለት ቦይ አለ፣ መሀሉን ወይም ዳሩን ምረጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን እየተንሸራተታችሁ አትሻገሩ። ዳገቱ ሲበረታ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ከመቀመጫው ግን አትነሱ፣ ከተነሳችሁ የኋላው ጎማ በባዶ ይሽከረከራል። ካልሆነ ውረዱና ግፉ። ብስክሌት እየገፉ አስታ ውስጥ መሄድም ጉዞ ነው፣ እንዲያውም ወፍ የሚሰማው ያኔ ነው።

መኪና ሲመጣ ይህን አስታውሱ፦ በተራራው በኩል ቁሙ። በገደሉ በኩል በጭራሽ! ቦታ የለኝም ብላችሁ ብታስቡም ወደ ተራራው ጎን ተጣበቁ። ሾፌሩ ወደ እናንተ ቢጠጋ የሚገፋችሁ ወደ አፈር ነው። በዚያኛው በኩል ያለውን ታውቁታላችሁ።

ጭላዳ ስታገኙ ቁሙ። መንጋው መንገዱን አቋርጦ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ከሆነ ደወል አትምቱ፣ መሀላቸውን ሰንጥቃችሁ አትለፉ። ደረቱ ቀይ የሆነው ትልቁ ወንድ አፉን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው። ውረዱ፣ ብስክሌቱን ዳር አስደግፉ፣ ተቀመጡ። አሥር ደቂቃ ውስጥ ይረሷችኋል። ምግብ አትስጡ፣ አንዲት ቆሎም ቢሆን። ምግቡ ሣር ነው፣ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይገባል፣ ገበሬው ደግሞ ድንጋይ ያነሳል።

አሁን ስለ እሳት። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) መጋቢት ላይ የተነሳው ቃጠሎ እስከ ሚያዝያ ዘልቆ ነበር። ፓርኩ ውስጥ በግጭ በሚባለው ቦታ በኩል ጓሳውንና አስታውን እንዴት እንደበላው ያየ ሰው አይረሳውም። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ነበር የሚታገለው፣ በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነበር። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው እሳቱ የመጣው። ስለዚህ እባካችሁ፦ አስታ ውስጥ ሻይ ለማፍላት ብላችሁ እሳት አታንድዱ፣ ሲጋራ አታጭሱ፣ ቅርንጫፍ ለማገዶ አትስበሩ። አስታ እርጥብ እያለም ይነድዳል። ሻይ ከፈለጋችሁ ፔርሙስ ያዙ።

ከመንገዱ ወጥታችሁ ጓሳው ላይም አትንዱ። ሜዳው ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ጎማ አንዴ ካሰመረው ዝናቡ ያንን መስመር ተከትሎ ይወርዳል፣ በሁለት ክረምት ቦይ ይሆናል።

ከሳንቃበር ወዲያ

ሳንቃበር 3,250 ሜትር አካባቢ ነው፣ ካምፕ አለ። ድንኳን ወይም አልጋ ይኑር አይኑር ደባርቅ ቢሮው ጠይቁ። ከሰዓት ከደረሳችሁ ወደ አፋፉ ሂዱና ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጡ። ጭላዳዎቹ ለማደር ወደ ገደሉ ሲወርዱ ታያላችሁ፣ ሕፃናቱ በእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው።

በማግሥቱ ብስክሌታችሁን ካምፕ ትታችሁ በእግር መሄድ ትችላላችሁ፣ ወይም ወደ ጨነቅ መንዳት። ወደ ጨነቅ ስትሄዱ የጅንባርን ፏፏቴ ለማየት ከመንገዱ ትንሽ በእግር መግባት አለ፣ አትለፉት። ከዚያ በኋላ አስታው ይሳሳል፣ ጓሳው ይሰፋል፣ ጅብራ ይጀምራል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆያል፣ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። ያበበውንና የደረቀውን ጎን ለጎን ታያላችሁ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው፣ ዋልያ ለማየት ጥሩው ቦታ እሱ ነው፣ ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮም። መንገዱ ከዚያ በቧሂት ተራራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን ጨነቅ ይበቃል።

ራስ ምታትና ብርድ

ጨነቅ ላይ በባሕር ጠለል ካለው አየር ሲሶው የለም። ጎንደሬ ነኝ፣ ደገኛ ነኝ ማለት ይረዳል፣ ግን አያድንም። ራስ ምታት፣ ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ በዚያ ቀን ከፍ አትበሉ። ካልቀነሰ ውረዱ። ነጭ ሽንኩርት ብሉ የሚላችሁ ሰው አይጠፋም፣ ብሉ፣ ግን መውረዱን አይተካም። ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን አውርዱት፣ ብቻውን ደግሞ አትላኩት።

ለብርዱ ጋቢ እንደሚሆን ታስባላችሁ፣ ለመተኛት አዎ፣ ለመንዳት ግን ቸርኬ ውስጥ ይገባል። ሹራብ፣ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት፣ ጓንት፣ ኮፍያ። ቁልቁለት ስትጀምሩ ጋዜጣ ወይም ፌስታል ደረታችሁ ላይ ከጃኬቱ ሥር አድርጉ፣ ይህ ቀላል ዘዴ ከብዙ ጉንፋን አድኖኛል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይፈጃል፣ አፍንጫና የእጅ ጀርባ ይላጣል፣ ሸፍኑ።

መመለሻው

ቁልቁለት ነው ብላችሁ አትዝናኑ። አደጋ የሚመጣው ስንመለስ ነው፣ ደክሞናል፣ ቤት ናፍቆናል፣ መንገዱን የምናውቀው ይመስለናል። ፍሬኑን ሳትለቁ ጨብጣችሁ አትውረዱ፣ ቸርኬው ይግላል፣ ጎማም ሊያፈነዳ ይችላል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ጠጠሩ ላይ የኋላውን አብልጡ፣ የፊተኛው ብቻ ከተያዘ ይጥላችኋል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ቸርኬውን በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉ። ካቃጠላችሁ ውኃ አታፍስሱበት፣ ተቀመጡና ይብረድ። አስፋልቱ ላይ ስትደርሱ የቀነሳችሁትን ነፋስ መልሳችሁ ሙሉ።

ደባርቅ ስትደርሱ ስካውቱን ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ተሰናበቱት፣ የሚገባውንም ስጡት። ጎንደር ስትገቡ ያው ደክሟችኋል፣ ግን ብስክሌቱን ሳታዩት አትደሩ። አቧራው ዘይቱን ጠጥቶታልና ካቴናውን በናፍጣ እጠቡና አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። ከማርሹ ጥርስ መሀል መርፌ የመሰሉ የደረቁ የአስታ ቅጠሎች ይወጣሉ። የፍሬኑንም ጎማ በጣታችሁ ዳብሱት፣ ከሳሳ ያን ሳምንት ቀይሩት።